ክሱ ምንድን ነው?

የያዘኝ የቀበሌያችን ካድሬ ነበር። ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ ጠብቆ፣ የእጄን ጠመኔ እንኳ ሳላራግፍ ወሰደኝ። መንገድ ላይ «ክሴ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ክስህን አንተ ታውቀዋለህ» አለኝ።

የታሰርንበት ክፍል የአንድ የተወረሰ ቪላ ጋራዥ ነበር። ወለሉን የዘይት ሽታ አልለቀቀውም። በቆርቆሮው በር ስንጥቅ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ይታያል፤ ወደ ማታ ከዚያ የሚወርደው ብርድ አጥንት ይሰረስራል። ከብርዱ ይልቅ የምንፈራው ግን ዳገቱን የሚወጣውን የጭነት መኪና ድምፅ ነበር። «ከነልብስህ ውጣ» የተባለ ሰው በዚያ መኪና ይሄዳል። የተመለሰ አላየንም።

ማስተማር አመሌ ስለሆነ እዚያም ጠዋት ጠዋት አስተምር ነበር። አንድ ቀን ትምህርቴ ስለ መብት ነበር። «መብትን መንግሥት አይሰጥም፤ ሰው ሆኖ መወለድ ይበቃል። ሕግ መብትን ይጠብቃል እንጂ አይፈጥረውም። መንግሥታት ተሰማምተው የሰብአዊ መብት መግለጫ ሲያወጡም ያለውን ነው የጻፉት። ስለዚህ የታሰረ ሁሉ ክሱ ሊነገረው፣ ቃሉም ሊሰማ ይገባል» አልኩ።

በዚያው ቀን ምሳ ሳይደርስ በሩ ተከፈተና ያ ካድሬ ራሱ ተወርውሮ ገባ። ከንፈሩ አብጧል፤ ጫማ የለውም።

አዲስ ገቢን መጠየቅ ልማዳችን ነበር። የክፍላችን ሽማግሌ፣ ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ፣ «ክስህ ምንድን ነው?» አሉት።

«አልነገሩኝም።»

«ጓድ፣ ክስህን አንተ ታውቀዋለህ!» አለ አንድ የታክሲ ሾፌር ከጥግ። እሱንም የያዘው ይኸው ካድሬ ነበር። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ።

ከየቤታችን የሚመጣውን ምግብ አቀላቅለን ነበር የምንበላው። ሾፌሩ «ይሄ ሰውዬ ከኛ ጋር እጁን አይሰድም!» አለ።

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ የጠዋቱ ትምህርትህ ለዚህም ይሆናል?»

ሁሉም አየኝ። አይሆንም ብል ደስ ባለኝ።

«ይሆናል ሐጂ። ለሱ ካልሆነማ ለኔም አይሆንም።»

«አንተ ሞኝ፣ ነገ ቢፈታ መልሶ ያስርሃል!» አለ ሾፌሩ።

«ሊያስረኝ ይችላል» አልኩት።

ሾፌሩ እያጉረመረመ ቦታ ለቀቀለት። ካድሬው በላ፤ ቀና ብሎ ግን አላየንም።

አመሻሹ ላይ የመኪናው ሞተር ውጭ ተሰማ። አብዮት ጠባቂው በሩን ከፍቶ በጣቱ ጠቆመው።

«ከነልብስህ ውጣ።»

ይህን ቃል ከሁላችን በላይ የሚያውቀው ካድሬው ነው፤ ስንቱን ጠርቶበታል። ግድግዳውን ይዞ ሊነሣ ሞከረ። ደግፌ አቆምኩትና ወደ ጠባቂው ዞርኩ።

«ክሱ ምንድን ነው?»

«አንተን ማን ጠየቀህ? አብረኸው መሄድ አማረህ?»

ካድሬውን አልለቀቅሁትም። ጠባቂው ደረቴን በሰደፍ መታኝ፤ ወደቅሁ። ይሄኔ ሐጂ ቀስ ብለው ተነሡ። «ልጁ የጠየቀው ክሱን ነው» አሉ። ሾፌሩም ተነሣና አጠገባቸው ቆመ። ጠባቂው ግን ካድሬውን ጎትቶ አወጣና በሩን ዘጋብን። መኪናው ዳገቱን ሲወጣ፣ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ቆመን ሰማን።

ከተፈታሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ክረምት ሲገባ ግን ደረቴን ዛሬም ያመኛል። ስለ መብት ሳስተምር ሰሌዳው ላይ መጀመሪያ የምጽፈው ያንን ጥያቄ ነው። ተማሪዎቼ «የማን ክስ ነበር፣ መምህር?» ሲሉኝ፣ «የአንድ ሰው» እላቸዋለሁ።