አባ ጨምር የጻፈው ክስ

ፍርድ ቤቱ በር ላይ፣ ጃንጥላ ዘርግቶ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማመልከቻ ሲጽፍ የኖረውን ሰውዬ «አባ ጨምር» ይሉታል። በጥፊ የተመታ ሰው እሱ ዘንድ ካጻፈ «የግድያ ሙከራ» ይዞ ይነሳል፤ ዶሮ የጠፋችበት ደግሞ «የተደራጀ ዘረፋ»። ለምን ሲባል፣ ዝቅ አድርገህ ከጻፍክ ማን ዞር ብሎ ያይሃል ባይ ነው። ዳኞቹም አመሉን ስለሚያውቁ ቀነስ እያደረጉ ያነቡለት ነበር። ለዶሮ ይኼ ያስኬዳል።

ጦርነቱ መጣና የጎረቤት አገር ጦር ከተማዋን ያዘ። በሦስተኛው ቀን ወታደሮች ወፍጮ ቤቱን ከበው አሥራ አንድ ወንዶችን የፊጥኝ አስረው ረሸኑ። አንዱ የአባ ጨምር የታላቅ እህቱ ልጅ ነው፤ ራሱ አዝሎ ያሳደገው። እህትየው ከጆንያ ክምር ጀርባ ተደብቃ ሁሉንም አየች። ሟቾቹን በስም ታውቃለች፤ ትእዛዝ የሰጠውን መኮንን መልኩን ብቻ ሳይሆን ማዕረጉን ጭምር ይዛዋለች።

ጦሩ ከወጣ በኋላ ከውጭ አጣሪዎች መጡ። ክስ የሚቀበሉት በጽሑፍ ነው ተባለና እህትየው ወንድሟ ዘንድ ሄደች፤ ሌላ ወዴት ትሄዳለች? ያየችውን አንድም ሳታጎድል ነገረችው። እሱም እያለቀሰ ጻፈ። ምን ዋጋ አለው፣ እጁ የለመደውን አደረገ። አሥራ አንዱ «በመቶዎች የሚቆጠሩ» ሆኑ፤ አናቱ ላይ «ዘር ማጥፋት» ብሎ አሰፈረ። አሥራ አንድ ሰው ረሸኑ ብሎ ቢተወው ለልጁ የሚያንስበት መሰለው። እሷ ማንበብ አትችልም፤ አምናው አሻራዋን አሳረፈች።

የተከሰሰው መንግሥት መልስ አልቸገረውም። የተገኘው አስከሬን አሥራ አንድ ነው፤ ከሟቾቹ አራቱ የወታደሮቹ የራሳቸው ጎሳ ተወላጆች ናቸው፤ ዘር ለማጥፋት መታሰቡን የሚያሳይ አንድም ነገር የለም። በዚህ በዚህ ጠበቆቹ ልክ ነበሩ፤ የሚያንገበግበውም እሱ ነው። እህትየው ቀርባ አሥራ አንድ ናቸው ስትል፣ ታዲያ አሻራሽ ያለበት ወረቀት ምን ይላል ብለው አፏን አስያዟት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ አሻራ ያረፈበት ወረቀትማ ከዚያም ይብሳል። ምስክርነቷ ተጣለ። ሌላ ያየ ሰው ስላልነበረ መዝገቡም ተዘጋ። የዚያው መንግሥት ሬዲዮ ክሱ ውሸት መሆኑ ተረጋገጠ እያለ ሳምንቱን ሙሉ ደለቀ።

አጣሪዋ ሴትዮ አባ ጨምርን አስጠርታ፣ «እጃቸው የታሰረ ሰላማዊ ሰዎችን መረሸን ራሱን የቻለ የጦር ወንጀል ነው። እሷ እንዳለችው ቢጽፉት ኖሮ ማምለጫ አይኖራቸውም ነበር» አለችው።

እህቱ ቤት ሄዶ በሩ ላይ ቆመ። ግባም አላለችው።

«እትዬ፣ ለልጃችን ብዬ ነው።»

«ልጄ አንድ ነበር» አለችው። «እሱን ገደሉት ብለህ ብትጽፍልኝ ይበቃኝ ነበር። አሁን እነሱ ንጹሕ ሆኑ፤ ውሸታሟ እኔ ነኝ።»