በባና ያንሳፈፍነው ፌስታል

መንዝ ውስጥ ዘመሮ በምትባል ከተማ ፊዚክስ አስተምራለሁ። አንድ ጠዋት፣ ሳይንቲስቶች የፀረ ቁስ ቅንጣቶችን በወጥመድ ይዘው በጭነት መኪና እንዳጓጓዙ ስልኬ ላይ አንብቤ ለተማሪዎቼ ነገርኳቸው። ፀረ ቁስ ከእኛው ቁስ ጋር መንታ ነው፤ የኤሌክትሪክ ምልክቱ ብቻ ተገላቢጦሽ ነው። ሁለቱ ከተነካኩ ግን ተያይዘው ይጠፋሉ።

አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ የነካውን ይዞ የሚጠፋ ከሆነ በምን ዕቃ ያዙት?"

"አየሩን መጥጠው ያወጡና በኤሌክትሪክና በማግኔት ኃይል መሐል ላይ ያንሳፍፉታል። ግድግዳውን አይነካም።"

እንዳልተዋጠላት ከፊቷ አየሁ። እውነት ለመናገር እኔም ያነበብኩት እንጂ ያየሁት ነገር አይደለም።

በማግስቱ የፕላስቲክ የውኃ ቱቦ ቁራጭና የምለብሰውን የበግ ፀጉር ባና ይዤ ገባሁ። ከስስ ፌስታል ቀለበት ቆርጬ በባናው ደህና አድርጌ አሸሁት፤ ቱቦውንም እንዲሁ። ቀለበቱን ወደ ላይ ለቅቄ ቱቦውን ከሥሩ ሳደርግ፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት ኤሌክትሪክ ይዘው ስለተገፋፉ አየር ላይ ቀረ። ክፍሉ በጩኸት ተናጋ።

"በሉ እናጓጉዘው!" አለች ያቺው ልጅ።

የእረፍት ሰዓት ስለደረሰ ቱቦውን ሰጠኋትና ወደ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ጉዞ ጀመርን። ውጭ የመንዝ ነፋስ ነው፤ ጓደኞቿ ጋቢያቸውን ዘርግተው ከለሉላት። ዓይኗን ከቀለበቱ ሳትነቅል ጠየቀችኝ።

"ግን ለምን ያጓጉዙታል? እዚያው አይለኩትም?"

"የሚሠራበት ቦታ ያሉት ትልልቅ ማሽኖች ልኬቱን ያውካሉ። ጸጥ ያለ ቦታ ወስደው ከእኛ ቁስ ጋር በጥንቃቄ ሊያስተያዩት ነው።"

"ምን ሊያገኙ?"

"ቅንጣት ታህል ልዩነት። ቁስና ፀረ ቁስ ሲፈጠሩ እኩል ከነበሩ፣ ተጠፋፍተው ዓለም ባዶ መቅረት ነበረበት። እኛ ግን ይኸው አለን። ለምን እንደተረፍን የሚያውቅ የለም።"

ቆም አለች። "እርስዎም አያውቁም?"

"እኔም አላውቅም።"

በሩን ስናንኳኳ ርእሰ መምህሩ ራሳቸው ከፈቱ። ቀለበቱ ተወርውሮ ኮታቸው ላይ ልጥፍ አለ። ተማሪዎቹ "ጠፋ! ጠፋ!" እያሉ ፈነደቁ።

"ምንድን ነው የለጠፋችሁብኝ?" አሉ ሽማግሌው፣ እያራገፉ። ከኮታቸው ሲያላቅቁት ጣታቸው ላይ ተጣበቀ። ነገሩን ሳስረዳቸው እጃቸውን ዘረጉ።

"እስቲ ቱቦውንም ባናውንም ወዲህ በል።"

እያሹ ሲወረውሩ፣ ሲወድቅባቸው እንደገና ሲያሹ፣ በመጨረሻ ቀለበቱ ከራሳቸው በላይ ተንሳፈፈ። እሳቸው የሚያስደውሉት የእረፍት ማብቂያ ደወል ያን ዕለት ዘግይቶ ተደወለ።