አንድ ካፖርት ፍለጋ መንዝ ድረስ

ሰው ወደ መንዝ የሚሄደው ለልቅሶ፣ ለሠርግ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ነው። እኔ ግን ባለፈው ጥር ከአዲስ አበባ የተነሳሁት ለካፖርት ነበር። ሥራዬ የትምህርት ቤት ጸሐፊነት ነው፤ የፓሪስ የፋሽን ትርኢት ሲደርስ ግን ሌላው ኳስ እንደሚያይ እኔ ስልኬ ላይ ተደፍቼ አመሻለሁ። ከዓመታት በፊት ያየሁት አንድ ካፖርት ልቤን ወስዶት ቀርቷል። ቀለም ያልተነከረ ጥቁር ሱፍ ነው፣ እስከ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል፣ ሞዴሏ ስትራመድ ከኋላዋ ይከተላታል። ስልክ በቀየርኩ ቁጥር መጀመሪያ የምገለብጠው ያንን ፎቶ ነው።

ችግሩ ትከሻዬ ነው። በልጅነቴ ከደረጃ ወድቄ ግራው ዝቅ ብሎ ቀረ። ሰልባጅ ተራ የለካሁት ካፖርት ሁሉ በዚያ በኩል ይንሸራተታል። ልብስ ሰፊዎችም ስፖንጅ ይጠቀጥቁበታል እንጂ መላ አላገኙለትም። ስለዚህ ከበግ ጠጉር የሚሸመነውን የመንዝ ባና ገዝቼ እንደ ፎቶው ላሰፋ ወሰንኩ።

ጣርማ በር

ደብረ ብርሃን ላይ ትኩስ ፍርፍር በልቼ መኪና ቀየርኩ። ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ውጦት ሾፌሩ መብራት አብርቶ በቀስታ ነዳ። ዋናውን መንገድ ትተን ወደ መንዝ ስንታጠፍ አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት የገብስ ቆሎ ዘገኑልኝ።

«ጥየቃ ነው?»

«አይ፣ ባና ልገዛ ነው።»

«አዲስ አበባ ብርድ ልብስ ጠፋ እንዴ?» ብለው ሳቁ። ካፖርት ላሰፋ ነው ለማለት አፈርኩ።

ሞላሌ

መንዝ ውስጥ ካለችው ከዚህች ከተማ ስደርስ የገበያ ቀን ነበር። ገብሱንና ባቄላውን አልፌ ባና የዘረጉ ነጋዴዎች ዘንድ ደረስኩ። አንዱ ባና የፋብሪካ ክር የገባበት ነው፤ ሌላው ደህና ቢሆንም ቀለም ተነክሯል፣ አምስት ሺህ ብርም ጠሩበት። ስከራከር ከበግ ተራ በኩል አንዲት ጠና ያሉ ሴት እንዝርታቸውን እያሾሩ መጡ። የለበሱት ባና ያልተነከረ ጥቁር ነው። አንዱን ጫፍ በትከሻቸው ላይ ወደ ኋላ ጥለውታል፤ ሲራመዱ ይከተላቸዋል። ስንት ትርኢት ያየሁት እኔ አፌን ከፍቼ ቆምኩ።

ሮጬ ደረስኩባቸው። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህን ባና ይሸጡልኛል?»

«እኔስ ምን ልልበስ?» አሉ። ወይዘሮ አስካለ ይባላሉ። እሳቸው የፈተሉትን ባለቤታቸው ሸምነውላቸው ነው። «እሱ አርፏል። ይኼንን አልሸጥም፣ ልጄ።»

ፎቶውን አሳየኋቸው። ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው አዩ። «ልብሱስ ደግ ነው። ምነው ልጅቱ ተኮሳተረች?»

ከዚያ ሳልጠይቃቸው ባናቸውን አውልቀው ትከሻዬ ላይ ጣሉት። እንደ ልማዴ ግራ ጎኔን ሸሸግ አደረግኩ።

«ቀጥ በይ!» አሉኝ። ዙሪያዬን ዞረው አዩኝ። «ይኼኛው ዝቅ ብሏል። እንግዲያው ጫፉን በሱ ላይ እንጥለዋለን።»

ክብደቱ ግራ ትከሻዬ ላይ አረፈ። ትንሽ ተራመድኩ፤ አልተንሸራተተም። ስልኬን እንደ መስታወት ይዤ ራሴን አየሁና ገበያ መሃል አለቀስኩ። እንዲህ አምሬ አላውቅም።

«በይ እንግዲህ አውልቂ፣ ብርዱ ፈጀኝ» አሉ ወይዘሮ አስካለ።

ማውለቁ እንዴት እንደከበደኝ! ፊቴን አይተው ነው መሰል፣ «ጥቁሮቹ በጎቼ ሲሸለቱ እፈትልልሻለሁ። የሚሸምን ዘመድ አለኝ። ግን መቀስ እንዳይነካው» አሉኝ። አይነካውም አልኩ። ከእንዝርታቸው ክር ስበው ከአንገቴ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ለኩኝ፤ ግራ ትከሻዬን ለብቻው ለክተው በክሩ ላይ ቋጠሮ አሰሩበት። ከዚያ ክሩን ጠቅልለው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱት።

አዲስ አበባ

በማግስቱ ባዶ እጄን ተመለስኩ። እስከ ዛሬ ስመኝ የኖርኩት ለሌላ ሰው ገላ የተሰፋ ልብስ እንደነበር የገባኝ መኪና ውስጥ ነው። ናፍቆቴ ግን አልበረደም፤ እንዲያውም ባሰበት።

አብራኝ የምትኖረው እህቴ በሩን ከፍታ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«ታዲያ ካፖርትሽ የታለ?»

«ገና በጎቹ ላይ ነው» አልኳት።