ሦስት ጋዜጣና አንድ መቋሚያ

ልጄ ከውጭ አገር የላካቸው ሦስት የጋዜጣ ገጾች በስልኬ ሲደርሱኝ መጀመሪያ ያሰብኩት መጥፎ ነገር ነው። በሦስቱም ላይ የእሱ ፎቶግራፍ አለ። በአንደኛው መሬት ላይ ተዘርግቷል፤ ዓይኑ ተከድኗል፤ አንዲት ሴት በላዩ አጎንብሳ ታለቅሳለች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩት እዚሁ ሰቆጣ ነው፤ ጡረታ እስክወጣም በመሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። እንግሊዝኛዬ ግን ተረስቷል። ስልኩን እንደያዝኩ ወደ ጎረቤቴ ሱቅ ሄድኩ። ኔትወርክ እዚያ ይሻላል።

ጎረቤቴ ከእናቷ በወረሰችው ሱቅ ጨርቅና ስኳር ትሸጣለች። ፎቶውን አይታ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ብዙም ሳይቆይ የልጄ መልእክት ደረሰ። «እማዬ፣ ደህና ነኝ። የሞትኩት ኦፔራ ላይ ነው። የዚያን ምሽት የድምፅ ቅጂም ልኬያለሁ። አባባ ይስሙትና ያሉትን ንገሪኝ። እንዳለ ንገሪኝ፣ ሳታሳምሪ።»

«አንቺ ሴትዮ» አለችኝ ጎረቤቴ፣ «ልጅሽ ሞቶ ነው የሚበላው?»

ኦፔራ ምን እንደሆነ በመጠኑ አውቃለሁ። በዘፈን የሚነገር ተውኔት ነው። ልጄ እዚያ ቴነር ነው፤ ከወንዶች ድምፅ ከፍ ያለው እንዲህ ይባላል። ከዚህ በላይ ልጄ በምን እንደሚተዳደር ለሰው ማስረዳት አልችልም።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህር ለምኜው በማግሥቱ እቤት መጥቶ ሦስቱንም በወረቀት እየጻፈ ተረጎመልን። ባለቤቴ መደቡ ላይ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። መሪጌታ ናቸው፤ ዓይናቸው እስኪደክም ድረስ ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ። አንደኛው ጋዜጣ ድምፁ የጠቆረ ብር ይመስላል ይላል። ሁለተኛው ከፍ ባለው ቦታ ላይ ሳይገፋ፣ እንደ ብርሃን ወጣ ይላል። ሦስተኛው በኦፔራው እንዴት እንደሞተ አንድ ሙሉ አንቀጽ ጽፎ፣ ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበ ሲል ይጨርሳል።

«ሲሞት አጨበጨቡ?» አልኩ።

«ደስ ስላላቸው ነው፣ እማማ።»

«የጠቆረ ብርስ? የጠቆረ ብር ይወለወላል እንጂ ይመሰገናል?»

መምህሩ ሳቀና ወረቀቱን ደግሞ አየው። «ምስጋና ነው። ሦስቱም ምስጋና ናቸው።»

ባለቤቴ ከመደቡ ቀና አሉ። «እነዚህ የጻፉት ሰዎች» አሉ፣ «የማን ተማሪ ናቸው?»

«ጋዜጠኞች ናቸው፣ መሪጌታ።»

«ከማን ተምረው ነው የሚፈርዱት ነው የምልህ።»

ጎረቤቴም ወሬውን ሰምታ መጥታ ነበር። «እኛ ጋ እንዲህ ተደርጎ የሚመሰገን አስከሬን ብቻ ነው፤ አላህ ይጠብቀው» ብላ ወጣች። ቀልዷ ነበር፤ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣ አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ያደገው በአባቱ ጉባኤ፣ በዜማ ትምህርት ቤታቸው ነው። ከደሃናና ከሰሃላ በእግራቸው ከሚመጡት ተማሪዎች ጋር ቁጭ ብሎ ዜማ ይቀጽል፣ ያጠና ነበር፤ እንደ እነሱም አባቱን «የኔታ» ይላቸው ነበር። የባለቤቴ አስተማማር አንድ ነው። ተማሪው ሲሳሳት መቋሚያቸውን እግራቸው ሥር ካለው ድንጋይ ላይ አንድ ጊዜ ኳ ያደርጋሉ። ተማሪው ከስሕተቱ ይመለሳል። ኳታ ካልተሰማ ይቀጥላል። ጎሽ የለም፣ ደግ ነው የለም። ልጄ ድጓውን ሳይጨርስ አንድ ቀን ወደ ከተማ ሄደ፤ ዘመናዊ ሙዚቃ ተማረ፤ ከዚያም ባሕር ተሻገረ። አባቱ አልረገሙትም፣ አልተቆጡትም። ስለ እሱ ሲጠየቁ «ሳይጨርስ ወጣ» ይሉ ነበር። እሱም ከዚያ ወዲህ የኔታ ማለት ትቶ አባባ ይላቸዋል። ስልክ ሲደውል «እግዚአብሔር ይባርክህ» ይሉትና መልሰው ለእኔ ይሰጡኛል። የስልክ መስመር ጠፍቶ በነበረባቸው ጊዜያትም ቢሆን፣ ስለ ደህንነቱ እንጂ ስለ ዘፈኑ ጠይቀው አያውቁም። አንድ ቀን እንኳ ሲዘፍን አልሰሙትም።

ስለዚህ ቅጂውን ላሰማቸው ስል እጄ ዘገየብኝ። እምቢ ቢሉ ለልጄ ምን እላለሁ? ሳታሳምሪ ብሎኛል።

እምቢ አላሉም። ከቅዳሴ በኋላ እህል ቀምሰው ሲያበቁ «አምጪው» አሉ። መቋሚያው እንደ ልማዳቸው ከጉልበታቸው አጠገብ ነበር። ስልኩን መደቡ ላይ አስቀምጬ ነካሁት።

ቋንቋውን አላውቅም። መጀመሪያ ፒያኖ መጣ።

«ይሄ ደወል መሳይ ምንድነው?»

«አጃቢው ነው።»

«ይቸኩልበታል» አሉ።

ከዚያ ልጄ ገባ። እኔ ያየሁት የባለቤቴን እጅ ነው፤ ዘፈኑን በሚገባ አልሰማሁትም። እጃቸው መቋሚያውን ያዘ። ድምፁ ወጣ፣ ወረደ፣ እንደገና ወጣ። ከመካከል ትንሽ አልፎ መቋሚያው ኳ አለ። አንድ ጊዜ። ከዚያ እስከ መጨረሻው አልተንቀሳቀሰም። መጨረሻ ላይ በቆርቆሮ ላይ በረዶ እንደሚወርድ ያለ ድምፅ መጣ።

«ዘነበ?» አሉ።

«ጭብጨባ ነው።»

«ድምፁ ገና ሳያርፍ?» ራሳቸውን ነቀነቁ። መምህሩ በተረጎመው ወረቀት ላይ ያን ያህል ቃል አለ፤ እሳቸው ጋ አንድ ኳታ። ለልጄ የትኛውን ነው የምነግረው? አንድ ስሕተት ብቻ አገኙ ልበለው? ስሕተት አገኙብህ ልበለው? ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም።

በሁለተኛው ቀን ልጄ ደወለ። የሰላምታውን ነገር አሳጠረው።

«ሰሙት?»

«ሰሙት።»

«ምን አሉ?»

«ምንም አላሉም። አንድ ጊዜ ኳ አደረጉ።»



«የት ላይ፣ እማዬ?»

«እኔ ምን አውቄ። ከመካከል ትንሽ አልፎ። ከፍ ካለው ስትወርድ ይመስለኛል።»

ያን ጊዜ የሰማሁት ድምፅ ሳቅ ይሁን ልቅሶ እስካሁን አልለየሁትም።

«እዚያ ላይ ትንፋሽ ሰርቄያለሁ» አለ። «አልበቃኝ ብሎ ከቃሉ መካከል ቆርጬ ተነፈስኩ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ነበር፤ ሦስት ጋዜጣ ጻፈ፤ አንድ ሰው እንኳ አልያዘኝም።»

«ታዲያ በመያዝህ ነው ደስ ያለህ?»

«ስጫቸው፣ እማዬ። ስልኩን ስጫቸው።»

ሰጠኋቸው። በስልኩ ድምፅ ማጉያ በኩል እኔም እሰማለሁ።

«የኔታ» አለ ልጄ።

ባለቤቴ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ።

«ስሕተቱ ከየት እንደሆነ አውቀኸዋል?»

«አውቄዋለሁ፣ የኔታ።»

«ከዚያ መልሰው።»

እኛ ጋ ከሰዓት በኋላ ነው። እሱ ያለበት ስንት ሰዓት እንደነበር፣ ከሰው መካከል ይሁን ብቻውን፣ አልጠየቅሁም። ጉሮሮውን ጠርጎ ያለ ፒያኖ ጀመረ። ስልኩ ድምፁን ያሳንሰዋል፤ ጠቆረ የተባለውም ብር አልታየኝም። ሲወርድ ያን ቦታ አለፈው። መቋሚያው ከመሬት አንድ ጣት ያህል ከፍ ብሎ ቆየ። አልወረደም።

«ቀጥል» አሉት። ስልኩንም ወደ እኔ ዘርግተው ውኃ ጠየቁኝ።

መምህሩ መንገድ ላይ አግኝቶኝ «መሪጌታ ስለ ጋዜጦቹ ምን አሉ በመጨረሻ?» አለኝ።

«ስለ ጋዜጦቹ ምንም አላሉም። ልጁን ቀጥል አሉት።»

«ብቻ?»

«ብቻ።»

ግራ ገብቶት አየኝ። እኔም ከእሱ የተሻለ አልገባኝም። ሦስቱን የትርጉም ወረቀቶች ከጡረታ ደብተሬ ጋር በሣጥን አስቀምጫለሁ። አንዳንድ ቀን አውጥቼ አነባቸዋለሁ። ምስጋና መሆናቸውን መምህሩ ምሎ ነግሮኛል። ልጄ ግን ከዚያ ወዲህ ጋዜጣ ልኮልኝ አያውቅም። የሚልከው ድምፁን ነው፤ አንዳንዱ ሲለማመድ የተቀዳ፣ ጭብጨባ የሌለው። ከሥሩ «ለየኔታ» ይላል፤ ሌላ የለውም።

ትናንትም አንድ መጣ። ባለቤቴ ከቤተ ክርስቲያን እስኪመለሱ ጠብቄ፣ መቋሚያውን ከተደገፈበት አንሥቼ ራሴ አቀበልኳቸው። ስልኩን ነካሁና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ልጄ ሲገባ እንደ በፊቱ እጃቸውን አየሁ። ኳ እንዲል ይሁን እንዳይል የምፈልገው፣ ለእኔም ግልጽ አልነበረም።