እፍኝ አመድ ለተራበ ገብስ

አማቴ የሚሠሩበት የላስቲክ ቤት ጠዋት ሲገቡበት ገና ያልነቃ ሰው ሕልም ውስጥ የገቡ ይመስላል። ብርሃኑ ወተት የመሰለ ነው፤ በየት በኩል እንደሚመጣ አይለይም። ከጣሪያው ጤዛ ጠብ ይላል፣ እንፋሎት ቀስ ብሎ ይነሳል፣ በረጃጅሞቹ ጠረጴዛዎች ላይ በየባልዲው የበቀለው ገብስ ነፋስ ሳይኖር ይወዛወዛል። ልጄን አዝዬ ብቅ ባልኩ ቁጥር ሳላስበው ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። ማን እንዳይነቃብኝ እንደሆነ ግን አላውቅም።

የአማቴ ሥራ ውሃ ማጠጣት ነው። አሥራ አንድ ዓመት ይኸው ነው። ለእያንዳንዱ ባልዲ ውሃው በኩባያ ይለካል፤ እሳቸውም የመጨረሻዋን ጠብታ ሳያራግፉ ወደ ሌላው ስለማያልፉ ባልደረቦቻቸው «እማማ ጠብታ» ይሏቸዋል። ባሕሩን ቢሰጧቸው በኩባያ ይጨርሱታል እያሉ ይስቁባቸዋል። እሳቸው ደግሞ እናንተ ብትሆኑ መንገድ ላይ ትደፉት ነበር ብለው ይመልሳሉ።

ከባልዲዎቹ ግማሾቹ ደህና አፈር፣ ግማሾቹ ኮምጣጣ አፈር ተሞልተዋል። ኮምጣጣ አፈር ውስጥ የሚሟሟ መርዝ አለ፤ የሥሩን ጫፍ ያኮላሸዋል። ሥሩ ሲያጥር ምግብ ፍለጋ መሄድ ያቅተዋል፣ ቅጠሉም ወይን ጠጅ መልክ እያመጣ ይቀጭጫል። አንዳንዱ ዘር ግን ብልህ ነው። ከሥሩ ጫፍ ጎምዛዛ ነገር አውጥቶ መርዙን አስሮ ያስቀምጥና መንገዱን ይቀጥላል። ይህን ያስረዳኝ ተመራማሪው ነው፤ ትምህርቱን ገና ሳይጨርስ ሠራተኛው ሁሉ «ዶክተር» የሚለው ከሲታ ወጣት። ያን ብልህ ዘር ለይቶ መሬታቸው ለኮመጠጠባቸው ገበሬዎች መስጠት ይፈልጋል። ስለዚህ ከውሃ በቀር ማንም ምንም አይጨምርም። ክሽክሽ የሚባለው ተባይ እንኳ ቅጠሉ ላይ ሰፍሮ ቢመጥጥ ይቆጠራል እንጂ አይነካም።

አማቴን ይህ ሕግ ይከብዳቸው ነበር። አራት ልጆች ብቻቸውን ያሳደጉ፣ በችግሩ ጊዜ «ጠግቤያለሁ» እያሉ ድርሻቸውን ለልጆቻቸው የሚያካፍሉ ሴት ናቸው። ቤታችን የመጣ ሰው፣ ቆጣሪ አንባቢም ቢሆን፣ አንድ ነገር ሳይቀምስ አይወጣም። ልጄ ክብደት አልጨምር ያለች ጊዜ ከእኔ ይልቅ የከሱት እሳቸው ነበሩ።

ታዲያ ጥግ ላይ አንድ ዓይነት ዘር የበቀለባቸው ሦስት የኮምጣጣ አፈር ባልዲዎች ነበሩ፤ ሦስቱም አርባ አንድ ቁጥር ተለጥፎባቸዋል። ከሁሉ የቀጨጩት እነሱ ናቸው። አማቴ አንድ ጠዋት ከምድጃችን አመድ በመሐረብ ቋጥረው ሄዱና ለመጀመሪያው ባልዲ ግማሽ እፍኝ በተኑለት። ከዚያ ወንድሞቹን አዩ። አንዱን አብልቶ ሁለቱን ማስጎምጀት ነውር መስሎ ታያቸውና ለሦስቱም አዳረሱ። በየሳምንቱ እንዲሁ። አመድ የአፈሩን ኮምጣጣነት እንደሚሰብር ከመጽሐፍ አልተማሩም፤ እናታቸው ጓሮ ላይ ሲበትኑ አይተው ነው።

አርባ አንድ ቁጥር አረንጓዴ ሆነ፣ ከሁሉም በለጠ። አንዱ ባልዲ ብቻ ቢያምር ተመራማሪው ይጠራጠር ነበር። ሦስት ወንድማማቾች እኩል ሲያምሩ ግን ማን ይጠረጥራል? አማቴን ትከሻቸውን አቅፎ፣ መጋዘን ያለው የዚህ ዘር ከረጢት በመጪው ዝናብ ለሃያ ገበሬዎች እንደሚከፋፈል ነገራቸው።

ያን ቀን ቤት ሲገቡ ጫማቸውን ሳያወልቁ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ልጄን እያጠባሁ ሁሉንም ሰማሁ። ዝም ቢሉ ሃያ ቤተሰብ ቀጭጮ የሚቀር ገብስ ሊዘራ ነው። ቢናገሩ ደግሞ ውላቸው በወሩ መጨረሻ ያበቃል፤ ማን ያድስላቸዋል? እኔ እኮ አዝኜላቸው ነው፣ እያሉ መሐረባቸውን ያጥፋሉ ይዘረጋሉ። ማዘንዎንማ አውቃለሁ እማዬ፣ ግን ከረጢቱ ሳይወጣ ነገ በጠዋቱ ይንገሩት፣ እኔም አብሬዎት እሄዳለሁ አልኳቸው።

በማግስቱ ስንደርስ ተመራማሪው አርባ አንድ ቁጥር ላይ ጎንበስ ብሎ ይጽፋል።

«ልጄ፣ እነዚህ ጎበዞች አይደሉም» አሉት። «እኔ ነኝ ያበላኋቸው።»

«ምን አበሏቸው እማማ?»

«አመድ። ለሦስቱም።»

እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካ፣ አወረደ፣ መልሶ ሰካ። ጤዛው ወረቀቱ ላይ ጠብ ሲል እንኳ አልጠረገውም። ነጩ ብርሃን ውስጥ ሦስታችንም ሥር ያወጣን ይመስል ቆምን። «የአራት ወር ሥራ» አለ በመጨረሻ፣ ለእሳቸው ሳይሆን ለጣሪያው።

አማቴ ግን አልጨረሱም። ክንዱን ይዘው ወደ መካከለኛው ጠረጴዛ ወሰዱት፤ አሥራ ሰባት ቁጥር ጋ። እሱም ያለው ኮምጣጣው አፈር ውስጥ ነው።

«ይሄን አጭር ነው ብለህ አልፈኸዋል። እኔ አመድ ይዤ ሦስቴ መጣሁበት፣ ሦስቴም ይዤ ተመለስኩ። የራበውን ፊት አውቃለሁ። ይሄ አልራበውም።»

ተመራማሪው ባልዲውን ገልብጦ አፈሩን ውሃ በሞላ ሳፋ ውስጥ ቀስ አድርጎ አጠበው። ሥሩ ነጭ ሆኖ፣ እንደ ተፈታ ፀጉር እየተንሳፈፈ፣ ሲዘረጋ ሲዘረጋ ሳፋውን ሞላው። እጅጌውን ጠቅልሎ የዚያኑ ዘር ሁለተኛ ባልዲ አነሳ።

ከረጢቱ መጋዘን ቀረ። ለአማቴ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳቸው፣ ከሱ ጋር ለአንድ ዓመት የታደሰ ውል ተያይዞበት። ሙከራው ከመዝራት ጀምሮ እንደ አዲስ ተጀመረ። አሥራ ሰባት ቁጥር እውነት ብልህ መሆኑ የሚታወቀው ሲታጨድ ነው፤ እኔ ግን ከወዲሁ ተስፋ አድርጌያለሁ።

አሁን ባልዲዎቹ በቅለዋል፤ ቅጠላቸው ወይን ጠጅ መልክ ያመጣም አሉ። አማቴ ውሃቸውን ለክተው ይሰጧቸዋል፣ ሌላ ምንም። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሳህናቸውን ይዘው ውጭ፣ አጥሩ ሥር ይቀመጣሉ። ድሮ እዚያው ጠረጴዛው አጠገብ ነበር የሚበሉት። ፀሐዩ እያለ ለምን ይወጣሉ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«በፊታቸው እንዴት ብዬ ልብላ?» አሉኝ።