የጭልፊት ቢጫ ካርድ

ይህን ታሪክ ለአዳዲስ የጥበቃ ሠራተኞች የሚያወራው ራሱ ባለታሪኩ ነው። ሌላ ሰው ካወራው ሞኝነቱን ያሳንስብኛል ብሎ ይፈራል። «የእኔን ጅልነት የእኔን ያህል የሚያውቅ የለም፤ ባለቤቴ እንኳ የደረሰችበት ግማሹን ነው» ይላል፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ።

ያኔ የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት የጥበቃ ኃላፊ ነበር። ሕንፃው ባለ ሦስት ፎቅ ነው፤ በየፎቁ ረጃጅም ጠረጴዛዎች፣ በየጠረጴዛው ሥር የኤሌክትሪክ ሶኬት፣ በየሶኬቱ ደግሞ የተሰካ ላፕቶፕ አለ። ተማሪው ላፕቶፑን እንደከፈተው ትቶ ሽንት ቤት ይሄዳል፣ ስልክ ሊያናግር ይወጣል፣ ጓደኛ ፍለጋ ፎቅ ይወርዳል። ሲመለስ ቻርጀሩ ብቻውን ተጋድሞ ይጠብቀዋል። ሰውየው ኃላፊ በሆነበት የመጀመሪያ ወር ሰባት ላፕቶፕ ጠፋ። ማስታወቂያ ቢለጥፍ ያነበበው የለም። በየጠረጴዛው እየዞረ ቢለምን ተማሪዎቹ የጆሮ ማዳመጫቸውን ሳያወልቁ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሸኙት።

በመጨረሻ ተናደደና እሱ ራሱ ሌባ ሊሆን ወሰነ። በአንባቢዎቹ መካከል ቀስ ብሎ ይዞራል። ባለቤቱ አጠገቡ የሌለ ላፕቶፕ ሲያይ እጥፍ አድርጎ ብብቱ ሥር ይወሽቀውና በቦታው ቢጫ ካርድ ያስቀምጣል። ካርዱ፣ «ሌባ ብሆን ኖሮስ? ዕቃህ እኔ ዘንድ ነው፤ መጥተህ ውሰድ። የጥበቃ ኃላፊ» ይላል። ይህችን ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጅቶበታል፤ «ኖሮስ» የሚለውን አንዴ አውጥቶ አንዴ መልሶ አስገብቷል። ከዚያ ኮፒ ቤት ሄዶ አንድ ሺህ አስባዛ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እሱ ደግሞ ሁለቱንም ሆኖ ተገኘ።

ቢሮው ከቤተ መጻሕፍቱ ጓሮ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ካርዱን ያገኘ ተማሪ ፊቱ አመድ መስሎ ወደዚያ ይሮጣል። እዚያ ዕቃውን ከመቀበሉ በፊት ግማሽ ሰዓት ምክር ይሰማል፤ ምክሩ ስለ ላፕቶፕ ተጀምሮ ስለ ትዳርና ስለ አገር ዕጣ ፈንታ የሚያልቅበት ጊዜ ነበር። ሥራው ሲበዛ ሌሎቹን ጥበቃዎችም አሰማራቸው፤ እነሱ ያነሳሉ፣ እሱ ይመክራል። ተማሪዎቹ «ጭልፊት» የሚል ስም አወጡለት። ሊሰድቡት አስበው ነበር፤ እሱ ግን ስሙን ወደደውና ቤቱ ሄዶ ለባለቤቱ ነገራት።

ባለቤቱ የሕፃናት መዋያ ሞግዚት ናት፣ ነገር አይከብዳትም። «አንተ ሰውዬ፣ ጡረታህ ሳይደርስ ሌብነት ለመድክ?» አለችው።

«ማስተማር ነው እንጂ የምን ሌብነት!»

«ስታነሳ እጅህ አይንቀጠቀጥም?»

«መጀመሪያ መጀመሪያ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሁን ለምዶታል።»

«ጉድ ነው። እንግዲህ የቤቱን ዕቃ ልቆጥር ነዋ» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

እውነት ለመናገር ዘዴው ሠራ። አራት ዓመት ሙሉ ከቤተ መጻሕፍቱ አንድ ላፕቶፕ አልጠፋም። ኮሌጁ የምስጋና ወረቀት ሰጠው፤ እሱም በመስታወት አስገጥሞ ከእንግዳው ወንበር ኋላ ሰቀለው። እንግዳው ሳያየው እንዳይወጣ ደግሞ፣ «ከኋላህ ያለው ምን መሰለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ልቡ አብጦ ነበር።

ታዲያ ልብ ያላለው አንድ ነገር አለ። በመጀመሪያው ዓመት ካርዱን ያገኘ ተማሪ እየሮጠ ይመጣ ነበር። በሁለተኛው ዓመት እየተራመደ መጣ። በሦስተኛው ምሳውን በልቶ መጣ። በአራተኛው አንዱ ጎረምሳ አመሻሽ ላይ ብቅ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ጸጉሬን ልስተካከል ሄጄ ነው የቆየሁት። እንደሚያነሱልኝ አውቄ ነው የተውኩት» አለው። ልብ ያለው ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። ጭልፊት ግን «ተማመኑብኝ!» ብሎ ደረቱን ነፋ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው።

አንድ ማክሰኞ ቀን አንዲት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ወደ ቢሮው መጣች። የውሃ ምሕንድስና ተመራቂ ናት፤ የከተማውን የፍሳሽ ቦዮች አንድ በአንድ በሜትር እየለካች ስድስት ወር ሙሉ የመመረቂያ ጽሑፍ ስትሠራ ቆይታለች፤ አርብ ታስረክባለች። ሰዓቱ ከቀኑ አሥር ሆኗል። በሩን ተደግፋ ፈገግ አለች።

«ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ ምክሩን ያሳጥሩልኝ። የምጽፈው ብዙ ነው።»

«የምን ምክር?»

«ላፕቶፔን ልወስድ ነው የመጣሁት። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ እናቴ ደውላልኝ ስወጣ አነሱት አይደል?» አለችና ቢጫውን ካርድ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

እሱ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ቤተ መጻሕፍት አልነበረም። የት ነበር ቢባል፣ አዳራሽ ውስጥ ከሌሎች ኮሌጆች ለመጡ የጥበቃ ኃላፊዎች ስርቆትን እንዴት እንዳጠፋ እያስረዳ ነበር። ከጥበቃዎቹ አንዱ አምጥቶት ይሆናል ብሎ ቁም ሣጥኑን ከፈተ። ውስጡ ያለው ጃንጥላውና ባዶ የምሳ ዕቃው ነው። ክው አለ። ካርዱን አንስቶ ገለበጠው፤ ጠርዙ የተጣጠፈ፣ ከሆነ ደብተር ውስጥ ወይም ከቆሻሻ ቅርጫት የተለቀመ አሮጌ ካርድ ነው። አንድ ሺህ ካርድ ሲበትን አንዱን እንኳ መልሱልኝ ብሎ አያውቅም።

ልጅቷን አስከትሎ ወደ ላይ ሮጠ። ከእሷ አጠገብ ተቀምጦ የነበረው ተማሪ አሁንም እዚያው ነው። «አዎ፣ አንድ ሰውዬ መጥቶ አነሳው» አለ። «እንዲያውም እኔ ‹ስልክ ልታናግር ነው የወጣችው› ብዬው ነበር። ‹እንግዲህ ትማር› አለኝ። ሳቅኩ።»

በር ላይ የሚቆመው ጥበቃም ሰውየውን ያስታውሰዋል። «አዲስ የተቀጠረ ጥበቃ መሰለኝ፤ ወዴት ነው ስለው ‹ለጭልፊት ነው› አለኝ። ሦስት ላፕቶፕ ታቅፎ እጁ ሞልቶ ስለነበር በሩን የከፈትኩለት እኔው ነኝ» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ። የሌሎቹ የሁለቱ ባለቤቶች ገና አልመጡም፤ ልባቸውን ጥለው ካፌ ተቀምጠዋል። ያቺ ካርድ ለሌባው ስድስት ሰዓት ሙሉ መንገድ ጠርጋለታለች።

ወደ ቢሮው ሲመለሱ ልጅቷ አላለቀሰችም፤ ዓይኗ ብቻ ቀላ። ፍላሽ ላይ ያላት የሁለት ወር አሮጌ ቅጂ ነው፣ ከስልሳው ገጽ አሥራ አራቱ። ሬጅስትራር ጊዜ እንዲያራዝምላት የስርቆት ማስረጃ ከጥበቃ ክፍል ያስፈልጋታል፤ ካላገኘች የዘንድሮ ምርቃቷ ቀረ።

«ይጻፉልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም» አለችው።

ቅጹን ከመሳቢያ አወጣ። ቅጹ ግርጌ ላይ፣ «ንብረቱን ያለ ጠባቂ ትቶ የሄደ ተማሪ የደረሰበት ቸልተኝነት እንጂ ስርቆት አይባልም፤ የጊዜ ማራዘሚያም አያሰጥም» የሚል አንቀጽ አለ። የማን ሐሳብ ነው? የእሱ። ከሁለት ዓመት በፊት ኮሚቴ ፊት ጠረጴዛ እየደበደበ ያስጸደቀው ነው። ነገ ጠዋት ትምጣ ብሎ ሸኛት።

እቤት ሲደርስ ነገሩን ሁሉ ለባለቤቱ ዘረገፈላት። «ተቀምጣ ሳለች ነጠቋት ብዬ ልጽፍ አሰብኩ» አላት።

«ትዋሻለህ?»

«እውነቱን ከጻፍኩ ዓመቷ ተቃጠለ። ጥላው ሄዳለቻ።»

«ስትሄድ ማን ይጠብቅልኛል ብላ ነው የሄደችው?»

መልሱን ያውቀዋል። ባለቤቱም እስኪመልስ አልጠበቀችም፤ ራቱን አቀረበችለት። አልበላም።

ረቡዕ ጠዋት ማስረጃውን ጻፈላት፤ ሐሙስ ዕለት ጉዳዩን ሊያይ ኮሚቴው ተሰበሰበ። የእጅ ጽሑፉ ለጸሐፊዋ አልነበብ ስላላት ማስረጃውን ራሱ ቆሞ አነበበው። «ተማሪዋ ላፕቶፑን ያለ ጠባቂ አልተወችም። አራት ዓመት ሙሉ እኔ እጠብቅላችኋለሁ ብያለሁ፤ እሷም አምናኝ ለእኔ በአደራ ትታው ነው የወጣችው። ሌባው አልተያዘም። አደራውን የበላሁት ግን እኔ ነኝ። የሌሎቹም ሁለት ተማሪዎች ጉዳይ ይኸው ነው።» ስለ ካርዱና ስለ በሩ ሲደርስ አንዱ የኮሚቴ አባል ሳቁ አመለጠው። ጭልፊትም አብሮት ሳቀ፤ ባይስቅ ምን ሊሆን ነው?

ሰብሳቢዋ መነጽሯን አወለቀች። «ይህን ፈርመው ኃላፊ ሆነው መቀጠል እንደማይችሉ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«ቃሉን ትንሽ ለዘብ ቢያደርጉትስ? አደራ በላ ማለት እኮ ከባድ ነው።»

«ከባድ መሆኑንማ ከማክሰኞ ጀምሮ ተሸክሜዋለሁ» አለ።

ለሦስቱም ተማሪዎች ሁለት ሁለት ሳምንት ተሰጣቸው። እሱ ከኃላፊነቱ ወርዶ ተራ ጥበቃ እንዲሆን ተወሰነ፤ ተተኪው እስኪመጣ ግን ቢሮው በእጁ ነው። ላፕቶፖቹ እስከ ዛሬ አልተገኙም።

ልጅቷ የምትጽፍበት ስለሌላት የቢሮውን ኮምፒውተር ለቀቀላት። ጠዋት ትመጣለች፣ ፍላሿን ትሰካለች፣ በጭቃ የተለወሰ የመስክ ማስታወሻ ደብተሯን ዘርግታ የቦዮቹን ልክ እንደገና ትጽፋለች። እሱ በሩ አጠገብ ይቀመጣል። አንዲት የምክር ቃል አልተነፈሰም። ለሽንት እንኳ ስትነሳ ፍላሿን ነቅላ አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች። አራት ዓመት ሙሉ ዕቃችሁን ጥላችሁ አትሂዱ እያለ ሲጮህ ኖሮ በመጨረሻ አንዲት ጎበዝ ተማሪ አገኘ። ፍላሿን በነቀለች ቁጥር ግን ፊቱን ወደ በሩ ያዞራል።

ባሥራ አንደኛው ቀን አማካሪዋ በስልክ ጠሯት፤ አሁኑኑ ነይ አሏት። ብድግ ብላ ወረቀቶቿን ሰበሰበች። እጇን ወደ ፍላሿ ልካ ነበር፤ ነገር ግን ጽሑፉ ገና እየተገለበጠ ነው፣ ስክሪኑ ላይ «አይንቀሉ» ይላል። ቆም ብላ አየችው። እሱ አቀርቅሮ ጫማውን ያያል።

«ጋሼ፣ አደራ» አለችና ወጣች።

ወንበሩን ጎትቶ ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። ተማሪዋ አንድ ሰዓት ተኩል ቆየች። በመካከሉ ሽንቱ መጣ፤ ያውም ክፉኛ። በሩን ቆልፌ ደረስ ብዬ ልምጣ ብሎ አሰበና ቁልፉን አየው፣ ከዚያ እግሮቹን አጣምሮ መልሶ ተቀመጠ። እሷ ስትመለስ አቀማመጡን አይታ፣ «ጋሼ፣ አሞዎታል እንዴ?» አለችው።

«ኧረ ደህና ነኝ» አላት። «እስኪ ቁጭ በይና መኖሩን እይልኝ፤ ከዚያ እሄዳለሁ።»