አሽቼ ያጠፋሁት ሰማያዊ

ባለፈው ሰኞ የልጅ ልጄ ጀማል ሞተሩን ከደጄ አቁሞ «አዮ፣ ሎሚ አለሽ?» እያለ ገባ። «ምነው፣ ጉንፋን ያዘህ?» ብለው ሳቀብኝ። «እኔን አይደለም፣ ማርሚታዬን ነው የያዛት» አለና እጄን ይዞ ወደ ውጭ አወጣኝ።

ማርሚታ የሚሉት ጭስ ማውጫውን ነው። የጀማል ሞተር ማርሚታ ክሮም ነው፤ ፊት ያሳያል። ከሞተሩ ወጥቶ በሚታጠፍበት ቦታ ግን መልኩ ተለውጧል። ዳር ዳሩ የማር መልክ፣ ገባ ሲሉ ወይን ጠጅ፣ መሐሉ ልክ እንደ ርግብ አንገት ሰማያዊ።

«ሙቀት ነው ያቃጠለው። ከከሚሴ ሰንበቴ ሁለት ሁለት ሰው ጭኜ ስመላለስ ከርሜ! እሑድ የጓደኛዬ ሰርግ ነው፣ ሚዜ ነኝ። ይህን ይዤ ሙሽራ ፊት ልቁም? በሎሚና በቤኪንግ ፓውደር ሲያሹት ይለቃል ብለውኛል።»

«ሎሚ የለኝም» አልኩት።

ቀና ብሎ ከኋላዬ ያለውን የሎሚ ዛፍ አየ። ፍሬው ቅርንጫፉን አጉብጦት መሬት ሊነካ ደርሷል። «አዮ፣ ዛሬስ ምን ነካሽ?» አለኝ። ምን እንደነካኝ ልነግረው ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ።

ልጅ እያለሁ እንደዛሬው በየበሩ ሞተር አልነበረም። ቤታችን ከጨፋ ሮቢት ወጣ ብሎ፣ ከሜዳው ዳር ነበር። በጋ ሲገባ አፋሮች ግመላቸውን እየነዱ ይመጣሉ፤ የግመሉ ጠረን ከደረቀው የማሽላ አገዳ ሽታ ጋር ተደባልቆ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ። ክረምት ሲሆን ያ ጥቁር አፈር ጭቃ ይሆንና እግር አልለቅም ይላል፤ ጫማ ያለው ጫማውን፣ የሌለው ጉልበቱን ጥሎለት ይሄዳል። በዚያ ሁሉ አገር ሞተር የነበረችው በአንድ ግቢ አብሮን ለሚኖረው ለአባቴ ታናሽ ወንድም ለአያ ሰይድ ብቻ ነው። የወባ መድኃኒት የሚረጩትን ሰዎች ይቆጣጠር ስለነበር ለሥራው ተሰጥታው ነው። ከሩቅ ድምጿን ስሰማ ጥንቅሼን ጥዬ እሮጣለሁ። ከፊቱ አስቀምጦ ግቢውን አንድ ጊዜ ያዞረኛል፤ ያ የቤንዚን ሽታ ከሽቶ ይበልጥብኝ ነበር።

ሚስቱ ዘሃራ ከቦርከና ወንዝ ማዶ የመጣች፣ ሳቋ ቀድሟት የሚገባ ሴት ነበረች። ታናሽ እህቷ ፋጡማ እኩያዬ ናት፤ እህቷ ዘንድ እየመጣች ትከርማለች። እኔና ፋጡማ ቅልሞሽ ስንጫወት ዳኛችን ዘሃራ ነበረች። ሆዷ ገፍቶ እንኳ ከእኛ ጋር መሬት ቁጭ ብላ ጠጠር ትወረውር ነበር። ሳጭበረብር ታውቅብኛለች። «ኢንታላ፣ እጅሽን አሳዪኝ» ትለኛለች፤ አንቺ ልጅ ማለቷ ነው በኦሮምኛው። እጄን ስዘረጋ የደበቅኩት ጠጠር ዱብ ይላል። ፋጡማ «ሌባ! ሌባ!» እያለች መሬት ላይ ትንከባለላለች።

ዘሃራን ምጥ የያዛት በነሐሴ ነው። በሁለተኛው ቀን ማለዳ አዋላጇ ወጥታ «ይህስ ከእኔ እጅ አልፏል፣ ሐኪም ፈልጉ» አለች። አያ ሰይድ ከሚሴ ክሊኒክ ያለውን ድሬሰር ሊያመጣ ሞተሩን አስነስቶ በጭቃው ላይ እያስጓራ ወጣ። እኔና ፋጡማ አጥር ሥር ተቃቅፈን ጆሯችንን ወደ መንገዱ ጣልን። ቀትር ላይ የሴቶች ጩኸት ተሰማ። ዘሃራም፣ የሆዷ ልጅም አልተረፉም። አያ ሰይድ የመጣው ለአስር ሶላት ሲጣራ ነው፤ እስከ ወገቡ ጭቃ፣ ብቻውን። ድሬሰሩ ለሥራ ወጥቶ ሳያገኘው ነው የተመለሰ። ሬሳዋን ወላጆቿ ወስደው ከማዶ ቀበሯት።

ሦስት ቀን ሳይሞላ ወሬ መጣ። አንድ ገበያተኛ አያ ሰይድን ያን ዕለት ወንዙ ዳር ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ አይቶታል ተባለ። የዘሃራ አባት ለቅሶ በተቀመጠው ሰው ሁሉ ፊት ተነሥተው «ልጄ ስታጣጥር እሱ ጥላ ይሞቅ ነበር!» አሉ። ጥላ አይሞቅም፤ ሐዘን ግን አፍን እንዲህ ያደርጋል። ማንም አልሳቀም። የዘሃራ ወንድሞች ዱላቸውን ጨበጡ። እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ደም ከመፍሰሱ በፊት አበጋር ይገባል፤ አስታራቂ ሽማግሌዎች ማለት ናቸው። ዋርካው ሥር ተቀመጡ።

እዚያ የተባለውን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ፣ ከአባቴ አፍ ነው። አያ ሰይድ እንዲህ አለ፦ «ጭቃው ውስጥ በአንደኛ ማርሽ ሳስጮኻት ሞተሯ ግላ ቀጥ አለችብኝ። እስክትበርድ ነው የተቀመጥኩ። የተቀመጥኩት በእሳት ላይ ነው፣ በጥላ አይደለም። ካላመናችሁ ማርሚታዋን እዩ፣ ተቃጥሎ ሰማያዊ ሆኗል።» ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሸህ ይማም ድሮ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። «እውነቱን ነው፤ ብረት ከመጠን በላይ ሲግል መልኩን ይለውጣል። ሐሙስ መጥተን እናያለን፤ ካለ እንዳለ፣ ከሌለ እንደሌለ» አሉ።

እኔ የደረሰኝ ግን ጫፉ ነው። እናቴ ለጎረቤት «ሐሙስ ሽማግሌዎች የሰይድን ሞተር ሊያዩ ይመጣሉ» ስትል ሰማሁ። ሽማግሌ ወደ ቤት ሲመጣ ምን እንደሚደረግ የማያውቅ ልጅ እኛ ዘንድ አልነበረም። ግቢው ይጠረጋል፣ ትሪው በአመድ ይፈተጋል፣ ለሶላት የሚታጠቡበት የውዱእ ማንቆርቆሪያ ሳይቀር እስኪያብረቀርቅ ይታሻል። ቆሻሻ ነገር ለሽማግሌ ማሳየት ነውር ነው።

ረቡዕ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ትልልቆቹ ለቅሶ ቤት፣ ወንድሞቼ ቁርአን ቤት። እኔ እንደሆነ ትምህርት የሚባል ነገር ደጁንም አልረገጥኩ። ትሪውን ጨረስኩ፣ ማንቆርቆሪያውን ጨረስኩ፣ ከዚያ ሞተሯን አየኋት። ጭቃዋን አጠብኩላት። ማርሚታው ላይ ያለው ሰማያዊ ግን በውኃ አልለቅ አለ። በሳሙና ሞከርኩ፣ በላምባ ሞከርኩ። «አያ ሰይድ በዚህ ይዋረዳል» አልኩ በልቤ። ከዚያ ሎሚ ለሁለት ከፈልኩ፣ አመድ በወንፊት ነፋሁ፣ የጆንያ ቁራጭ አጣጥፌ ማሸት ጀመርኩ። ሎሚው የተላጠ ጣቴን አቃጠለው። መጀመሪያ የማሩ መልክ ሄደ፣ ቀጥሎ ወይን ጠጁ። ሰማያዊው ግትር ነበር። እስከ አስር ሶላት ድረስ አሸሁት። በመጨረሻ ፊቴ ብረቱ ውስጥ ወጣ፤ ጥርሴን ገልጬ ሳቅኩለት።

ሐሙስ መጡ። ፋጡማም የአባቷን ጋቢ ይዛ መጣች። አያ ሰይድ እኔ በጆንያ መልሼ የሸፈንኳትን ሞተር ገለጠ። ሸህ ይማም ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ማርሚታው ላይ አሳለፉ፣ አሸተቱት።

«የታል፣ ሰይድ?»

አያ ሰይድ ተንበርክኮ የማርሚታውን ሥር ፈለገ።

«ወላሂ ከሙሽራ መስታወት ይበልጣል!» አሉ የዘሃራ አባት። «ይህ ነው የተቃጠለው? ይህ ነው ለልጄ የሮጠው?»

«ሎሚ ሎሚ ይላል» አሉ ሸህ ይማም ቀስ ብለው። «የነካው አለ። ማነው የነካው? የሚያውቅ ወጥቶ ይማል።»

አያ ሰይድ ዞር ሲል ጎተራው ጥግ አየኝ። እጄን ከኋላዬ ደብቄያለሁ። አየኝ፣ ወደ ተደበቀው እጄም አየ። ያን ጊዜ አንድ ሰው «ኢንታላ፣ እጅሽን አሳዪኝ» ቢለኝ ኖሮ ሁሉም ነገር ዱብ ይል ነበር። እንዲያ የምትለኝ ግን ከማዶ ተቀብራለች።

በአበጋር ፊት ቃል የሰጠ ይምላል። መሐላ ደግሞ ከጠመመ ሰውየው ላይ አይቆምም፣ ማሕፀን ድረስ ይከተላል ይባላል። ለዚህ ነው ልጅን ወደዚያ የሚያቀርብ ሰው የሌለ። አያ ሰይድ ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሣና «ምስክር የለኝም። ለአላህ ሰጥቼዋለሁ» አለ።

ዱላው ተመለሰ፣ ደም አልፈሰሰም። የዘሃራ አባት ግን ዱዓ አብሬው አላደርግም አሉ፤ የልጄን መቃብር እንዳይረግጥ አሉ። ሽማግሌዎቹም ሊያስገድዷቸው አልቻሉም። አያ ሰይድ አርባው ሲወጣ ሞተሯን አስረክቦ ወደ አሰብ መንገድ ወረደ፣ የጭነት መኪና ሊነዳ። ፋጡማን ከዚያ በኋላ ገበያ ላይ አገኛታለሁ፤ ፊቷን ታዞራለች። ጠጠሮቹ እኔ ዘንድ ቀሩ።

አያ ሰይድ አንድ ጊዜ ብቻ ተመልሶ መጣ፣ እኔ ስዳር። ልነግረው ነበር። አጠገቤ ተቀምጦ የተቀባሁትን ሂና አየ፣ እጄን አገላበጠና «የሎሚ እጅሽ ዳነልሽ?» አለኝ። ይኸው ነው፣ ሌላ ቃል የለም። ሊያጽናናኝ እንደሆነ ዛሬ ይገባኛል። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ሌሊት ሌሊት መባነን የጀመርኩት። አያ ሰይድ የሞተውም የተቀበረውም እዚያው ሰው አገር ነው። ዘሃራን በመግደል የሚታማ ስሙ ግን እዚህ ቀርቶ ከሰው አፍ ሳይወርድ ኖረ።

ይህን ሁሉ ለጀማል ነገርኩት። ማጽጃ ጨርቁን ይዞ እንደቆመ ሰማኝ። «ታዲያ አዮ፣ ለማንም ሳትናገሪ ስልሳ ዓመት?» አለኝ። አባቴ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይሉ ነበር። አደረ፣ አደረ፣ የሚያጠራው ሰው ግን አፉን ዘግቶ ቁጭ ብሏል።

ዛሬ ነገሩ ቀላል ሆኗል። ከመለዋወጫ ሱቅ ቅባት ይገዛሉ፣ ሁለቴ ሲያሹት ሰማያዊው የት እንደገባ አይታወቅም። ምጥ የያዛት ሴትም ብትሆን አምቡላንስ ይጠራላታል፤ ዘሃራ ዛሬ ብትሆን እያልኩ አስባለሁ። ማርሚታ መቃጠሉ ለዛሬ ልጆች የሚያሳፍር ነገር ነው። ለእኛ ቤት የሰው ስም ነበር።

«ቅዳሜ ሰንበቴ ውሰደኝ» አልኩት። ፋጡማ እዚያ ልጇ ዘንድ ናት፤ አሁንም በሕይወት አለች። «እስክንመለስ ግን ይህችን ቀለም እንዳትነካት።»

«እሑድ ሚዜ ነኝ እኮ አዮ! ሙሽራው ያባርረኛል» አለ። ፊቴን አየና ጨርቁን ኪሱ ከተተ። «እሺ፣ ቅዳሜ ማታ አሸዋለሁ። ሎሚውን ግን አትከልክዪኝ።»

የፋጡማ ዓይን ደክሟል ብለውኛል፤ ሰውን በድምፁ ነው የምትለየው አሉ። ይህን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ሞተሯን ደጇ ላይ አቁሜ «ይኸውልሽ፣ አያ ሰይድ ያለው ይህን ነው» ልላት ነበር ያሰብኩት። ካላየችውስ? እጇን ይዤ ባስነካት፣ ቀለም በእጅ አይዳሰስም፤ ልስልስ ያለ ብረት ነው የምታገኘው፣ ያኔ ሸህ ይማም ያገኙትን። እንግዲህ ብረቱን ትቼ እጄን ዘርግቼ በአፌ መናገር ሊኖርብኝ ነው።

ያን ሐሙስም የቸገረኝ እሱ ነበር።